ወረቀት የሚሠራ እጅ፦ ከሐዴራ ፋብሪካ እስከ መምህር እስክንድር ቦጎሲያን

ሐዴራ የወረቀት ከተማ ናት። ቤት ኤሊዔዘር ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። የከተማዋ የወረቀት ፋብሪካ የተቋቋመው በ1951 ሲሆን ማምረት የጀመረው በ1953 ነው። ከመሥራቾቹ መካከል የአሜሪካ ባለሀብቶች ስለነበሩበት ለረጅም ዘመን «የአሜሪካና የእስራኤል የወረቀት ፋብሪካዎች» ተብሎ ሲጠራ ቆየ። በ2008 «ኔያር ሐዴራ» ተባለ፤ አሁን ደግሞ «ኢንፊኒያ» ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በየሱቁና በየሹኩ የሚጣለው ካርቶን ተሰብስቦ ይገባል፣ በውኃ ይላቁጣል፣ ከዚያም በትልልቅ ጥቅል አዲስ ወረቀት ሆኖ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሰው እጅ ወረቀቱን አይነካውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ «ወረቀት ከየት ይመጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ «ከሚፍዓል» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም።

አያቱ ቢጠየቁ ግን ሌላ መልስ አላቸው። በጎንደርና በትግራይ ገጠር ያደጉ ሽማግሌዎች የሚያውቁት የጥንቱ መጻፊያ የተገኘው ከፍየልና ከበግ ነው። ብራና ይባላል። ኦሪቱ የተጻፈው በእሱ ላይ ነው። ቄሶች በበዓል ቀን አውጥተው ለሕዝቡ ያነበቡት ከእሱ ላይ ነው። ያ ብራና ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእጅ ሥራ ነበር።

ይህንን የአያቶች እውቀት ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ያገናኙ አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ነበሩ። ስማቸው እስክንድር ቦጎሲያን ይባላል። ዓለም የሚያውቃቸው በሠዓሊነታቸው ነው። የሕይወታቸውን ትልቁን ክፍል ያሳለፉት ግን በማስተማር ነው። ሥዕላቸውንም በሸራ ላይ ብቻ አልሠሩም፤ በተቀደደ ካርቶን፣ በፍየል ቆዳና በተቀጠቀጠ የዛፍ ልጥ ላይም ሠርተዋል።

ከአዲስ አበባ እስከ ፓሪስ

እስክንድር የተወለዱት በ1937 አዲስ አበባ ውስጥ ነው። እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ አባታቸው ደግሞ ከአርመን ዘር የሚወለዱ የክቡር ዘበኛ መኮንን ነበሩ። በ1955 ገና በወጣትነታቸው የመንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝተው ለንደን ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻገሩና ዘጠኝ ዓመት ያህል እዚያ ቆዩ።

ፓሪስ በዚያን ጊዜ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። «እኛ ማን ነን? የራሳችን የምንለው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በየቡና ቤቱ ይነሣ ነበር። ከሀገሩ ወጥቶ በሰው ሀገር የኖረ ሰው ይህ ጥያቄ አይጠፋውም፤ ቤት ኤሊዔዘር ውስጥም ስንት ቤት ተነሥቷል።

በ1963 የፓሪስ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የእስክንድርን ሥራ ገዛ። በ1965 ደግሞ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም «የጁጁ ሠርግ» የሚባለውን የ1964 ሥዕላቸውን ወሰደ። ልብ ማለት የሚገባው ይህ ሥዕል የተሠራው በሸራ ላይ አለመሆኑ ነው። በእጅ በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው የተሳለው። ሌላው ሰው ዕቃ አውጥቶ የሚጥለውን ነገር እሳቸው ቀደው ሥዕል አደረጉት።

ቆዳና ልጥ

በ1966 እስክንድር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱና በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱን በ1950ዎቹ መጨረሻ የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም የአለ የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት ይባላል። ከጀርመን ተምረው የመጡት ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታም እዚያ ያስተምሩ ነበር። እስክንድር ያስተማሩት ለሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ።

ለንደንና ፓሪስ የተማረ ሰው የአውሮፓን ሥዕል ብቻ ያስተምራል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። የእስክንድር ሥዕሎች ግን በሀገር ቤት ነገር የተሞሉ ናቸው፤ በተለይ በጥንቱ የብራና ክታብ። ክታቡን የዱሮ ሰው ያውቀዋል። ጠባብና ረጅም ብራና ሆኖ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥ ነበር፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ይጠብቃል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ዓይን ዓይን የሚመስሉ ሥዕሎችና ጸሎት ይጻፍበታል፤ ተጠቅልሎም በአንገት ይንጠለጠላል። ማመን አለማመኑ ሌላ ነገር ነው። እስክንድር ያዩት ሌላ ነበር፤ ቆዳው ራሱ፣ መጠኑ ራሱ ትርጉም እንዳለው።

ብራና ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። ቆዳው ለጥቂት ቀናት ውኃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ዙሪያውን በገመድ ወይም በጠፍር ተስቦ እንደ ከበሮ ይወጠራል። በሥጋው በኩል ያለው ስብና ጅማት በስለት ይፋቃል፤ በቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ ይታሻል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በሌላው በኩል ያለው ጠጉር ይላጫል። ስለቱ ጠበቅ ካለ ቆዳው ይቀደዳል፤ ላላ ካለ ጸጉሩ ይቀራል፣ ቀለምም አይዝም። ፋቂው ይህን የሚያውቀው በእጁ ነው፤ በመጽሐፍ የሚማሩት አይደለም። ቀዳዳ ከወጣበት በክር ይሰፋል። በድሮ መጻሕፍት ገጽ ላይ ቀዳዳውን ዞረው የተጻፉ ፊደላት የሚታዩት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ብራናው በልክ ይቆረጣል፤ መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ተቀምሞ እስኪበስል ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው እንደ መጽሐፉ መጠን ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሙሉ ኦሪት ማለት አንድ መንጋ ማለት ነው።

እስክንድር ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ ከዚህ ቆዳ ጎን ለጎን ሌላ የአፍሪካ የእጅ ሥራ አገኙ፤ ከኡጋንዳ የሚመጣውን የዛፍ ልጥ ጨርቅ። ኡጋንዳውያን ሙቱባ የሚሉት የሾላ ዘመድ የሆነ ዛፍ አላቸው። ቅርፊቱን ሳይገድሉት ይልጡታል፤ ግንዱን በሙዝ ቅጠል ይሸፍኑታል፤ ዛፉ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ቅርፊት ያበቅላል። የተላጠውን ልጥ ቦይ ቦይ ባለው የእንጨት መዶሻ ለሰዓታት ይቀጠቅጡታል። ጠባቡ ልጥ እየሰፋ፣ እየለሰለሰ ቡናማ ጨርቅ ይሆናል። ዩኔስኮ በ2005 ይህን ሙያ ከሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

እስክንድር በዚህ ልጥ ላይ እየጫኑና እያወጡ የተቀረጸ የሚመስል ሥዕል ሠሩ። ከእነዚህ አንዱ በ1981 የሠሩት «የጊዜ ዑደት ሦስት» የሚባለው ነው። ሥራው ቀለም ብቻ ሳይሆን የልጡ ሽንትርና እብጠት የሚታይበት ነው። ሰው ሲያየው እጁን ሰዶ መዳሰስ ያምረዋል።

ውኃና ወንፊት

ከተቀጠቀጠ ልጥ እስከ ወረቀት ያለው መንገድ አጭር ነው። ልዩነቱ ውኃው ነው። የቻይና ታሪክ እንደሚለው በ105 ካይ ሉን የተባለ የቤተ መንግሥት ሹም የዛፍ ልጥ፣ አሮጌ ጨርቅና የዓሣ መረብ አስቀጥቅጦ ወረቀት አሠርቶ ለንጉሡ አቀረበ።

አሠራሩ እስከ ዛሬ በእጅ በሚሠራባቸው ቦታዎች ያው ነው። ልጡ ወይም ጨርቁ በአመድ ውኃ ይቀቀላል። ቃጫው አንዱ ከሌላው እስኪለያይ ይቀጠቀጣል። ከብዙ ውኃ ጋር ሲደባለቅ እንደ ቀጭን አጥሚት ይሆናል። ሠራተኛው ወንፊት የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ገንዳው ውስጥ አግብቶ ያነሣል፤ ውኃው ወርዶ ቃጫው ከላይ በስስ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት እጁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ካላነቃነቀ ወረቀቱ አንዱ ጎን ወፍራም፣ አንዱ ጎን ስስ ይሆናል። እንጀራ ጋግራ የምታውቅ እናት ይህ አይጠፋትም። ከዚያ እርጥቡ ወረቀት በጨርቅ ላይ ይገለበጣል፣ ይጨመቃል፣ ይደርቃል።

ይህ ሙያ ከቻይና በመካከለኛው እስያ አድርጎ ባግዳድ፣ ከዚያም ግብፅ ደረሰ። በካይሮ በጥንቱ ቤተ ክኔሴት ግኒዛ የተገኙት የአይሁድ ጽሑፎች ብዙዎቹ በእጅ በተሠራ ወረቀት ላይ የተጻፉ ናቸው፤ ወረቀቱም የተሠራው ከአሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ ነው። ወረቀት ከእንጨት መሠራት የጀመረው ገና በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በኢትዮጵያ ግን ቁም ጸሐፊዎች ብራናን አልለቀቁትም፤ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ይጽፉበት ነበር።

ከሐዴራ ሳይርቁም ይህን ሥራ ማየት ይቻላል። በአቅራቢያችን በዝኽሮን ያዕቆብ «ቱት ኔያር» የተባለ የእጅ ወረቀት መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን የወሰደው ቱት ከሚባለው ዛፍ ሲሆን፣ ከእጽዋት ወረቀት ሲሠራና ለጎብኚዎች ሲያሳይ የቆየ ቦታ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ተክል በሀገር ቤትም ሞልቷል። የእንሰት ቃጫ ገመድና ጆንያ ሲሠራበት ኖሯል። የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንስ አባካ ዛሬ የሻይ ከረጢት ወረቀት ይሠራበታል። ባሕር ዛፍም አለ። ሐዴራ በ1891 ስትቆረቆር ረግረጉ ብዙ ሰፋሪዎችን በወባ ጨረሰ፤ ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ ተተከለ። በዚያው አሥርተ ዓመት ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ሲያልቅባት ይህንኑ ዛፍ ከውጭ አስመጡ። አሁን ባሕር ዛፍ በዓለም ላይ ወረቀት ከሚሠራባቸው ዋና ዋና ዛፎች አንዱ ነው። አያቶች ለማገዶና ለቤት የቆረጡት ዛፍና የልጅ ልጆች የሚጽፉበት ደብተር ዘመዳሞች ናቸው።

ሠላሳ ዓመት ገደማ በማስተማር

እስክንድር በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1972 እስከ 2001 አስተማሩ። በ1974 አብዮቱ ፈንድቶ ሀገር ሲታመስ እዚያው ቀሩ። ስደተኛው ሲበዛ የእሳቸው ክፍል ለብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች መጠጊያ ሆነ።

የመምህር ፍሬ በተማሪው ይታወቃል። አዲስ አበባ ካስተማሯቸው አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው፤ ጠባብ ጠባብ የቀርከሃ ዝንጣፊዎችን ጎን ለጎን ደርድረው በመሳል ይታወቃሉ። በሃዋርድ የተማሩት ወሰኔ ኮስሮፍ ደግሞ የአማርኛን ፊደል የሥዕላቸው ዋና ነገር አደረጉት። ከበደች ተክለአብ በሶማሊያ እስር ቤት ወደ አሥር ዓመት ገደማ ቆይተው አሜሪካ ከገቡ በኋላ በሃዋርድ ተማሩ፤ እሳቸውም ሠዓሊና መምህርት ሆኑ። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ያለውን «ኔክሰስ» የተባለ ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ በ2001 የሠሩት እስክንድርና ከበደች አብረው ነው።

የሦስቱም ሥራ አይመሳሰልም። መምህሩ እንደ ራሳቸው እንዲስሉ አላስገደዷቸውም ማለት ነው። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ሦስቱም ከአያት ቤት ያለውን ነገር ወደ ዘመናዊው ጥበብ ይዘው ገብተዋል፤ አላፈሩበትም። እስክንድር ቦጎሲያን በ2003 ዋሽንግተን ውስጥ አረፉ።

የተናቀው እጅ

«አላፈሩበትም» የሚለው ቃል ለቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ቀላል ቃል አይደለም። በሀገር ቤት ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ፣ ጥበብ የሸመነ እጅ ምን ይባል እንደነበር እነሱ ያውቃሉ። ማረሻውን የሠራው ሰው እህል ሲበላበት፣ ሠሪው ራሱ ግን «ጠይብ» «ቡዳ» ተብሎ ይሸሽ ነበር። ጎንደር አጠገብ በወለቃ የተሠራው የሸክላ ሥራ ለፈረንጅ ቱሪስት ሲሸጥ፣ ሠሪዎቹ በጎረቤት ይሰደቡ ነበር።

እስራኤል ሲገቡ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እዚህ ማንም ቡዳ አላላቸውም፤ ነገር ግን እጃቸው የሚያውቀውን የጠየቃቸውም ብዙ አልነበረም። ዑልፓን ገቡ፣ ፋብሪካ ገቡ፣ ጽዳት ሠሩ። በመንደሩ አንቱ የተባለ ሙያተኛ በአዲሱ ሀገር ፊደል የማያውቅ ሠራተኛ ሆነ። ልጆችም አባታቸውን በዚያው መልክ አዩ። ሙያው ሳይነገር ቀረ።

እስክንድር ያሳዩት የዚህን ተቃራኒ ነው። የፍየል ቆዳና የተቀጠቀጠ ልጥ የኋላ ቀርነት ምልክት ሳይሆን ሙዚየም የሚገባ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ነገር ነው። ይህን ለማየት ግን በሙያው የሚኮራ መምህርና የሚጠይቅ ተማሪ መገናኘት ነበረባቸው።

ብራናው ሲናገር

እንዲህ ዓይነት መገናኘት በሀገራችን እስራኤልም ተጀምሯል። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ኦሪትን በግዕዝ የሚያጠኑበት «የኦሪት ጠባቂዎች» የተባለ መርሐ ግብር አለ። በዚህ ጥናት ውስጥ በ15ኛው መቶ ዘመን የተጻፉ ሁለት የኦሪት መጻሕፍት መገኘታቸው በ2024 መጀመሪያ ተነገረ። ከ500 ዓመት በላይ ማለት ነው። ሐዴራ ከተቆረቆረች ገና 130 ዓመት ትንሽ ቢያልፋት ነው።

እነዚህ መጻሕፍት እስከ ዛሬ የቆዩት ሁለት ዓይነት እጅ ስለጠበቃቸው ነው። አንደኛው ቆዳውን በደንብ የፋቀው እጅ ነው፤ በደንብ ያልተፋቀ ብራና አምስት መቶ ዓመት አይቆምም። ሁለተኛው ከጦርነት፣ ከእሳትና ከሌባ ሸሽጎ፣ በመጨረሻም በሱዳን በረሃ ወይም በአዲስ አበባ በኩል ተሸክሞ ያመጣው የቄሶችና የቤተሰቦቻቸው እጅ ነው።

መጽሐፉን ሊቃውንት ያነቡታል፤ ቤተ መጻሕፍትም ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጠዋል። ብራናው እንዴት እንደተፋቀ፣ ቀለሙ በምን እንደተበጠበጠ፣ ጸሐፊው መቃውን በምን እንደቀረጸ የሚያስታውስ ሰው ግን ፎቶ በማንሣት አይተካም። እንዲህ ያለ ነገር በዓይናቸው ያዩ፣ በልጅነታቸው መወጠሪያውን የያዙ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ቤት ኤሊዔዘር ውስጥ በየለቅሶው ድንኳን ሲሰበሰቡ የሚሰማው ይኸው ነው፤ አንድ ሽማግሌ ሲያርፍ አንድ ሙሉ ሙያ አብሮ ይቀበራል።

መፍትሔው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። በሰንበት ማግስት ቡና ሲፈላ ሙያውን ለልጅ ልጅ መንገር፣ ልጁም በስልኩ እየቀዳ እንዲያስቀምጥ ማድረግ መጀመሪያው ነው። እጅን ለማስገባት ደግሞ ከወረቀት መጀመር ይቻላል። ያለቀ የትምህርት ቤት ደብተር በትንንሹ ይቀደዳል፤ የፈጣሪ ስም ያለበት ገጽ ግን ተለይቶ ወደ ግኒዛ ይሄዳል። የተቀደደው ውኃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት በመፍጫ ይደቅቃል፣ ሰፊ ሳሕን ውስጥ ከብዙ ውኃ ጋር ይደባለቃል፣ በአሮጌ የመስኮት ወንፊት ይነሣል፣ በጨርቅ ላይ ተገልብጦ ይጨመቃል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይደርቃል። ጠርዙ ሸካራ፣ መልኩ ግራጫ ይሆናል። ቢሆንም ወረቀት ነው፤ ይጻፍበታል።

ልጁ በዚያ ወረቀት ላይ ስሙን በዕብራይስጥ ይጽፍ ይሆናል። ከሥሩ አያቱ ያንኑ ስም በግዕዝ ፊደል ቢጽፉለት፣ ስለ ብራናው መጠየቁ አይቀርም።